የቫይጃንቲ ቁመት

መጀመሪያ ያየሁት ውስጥ እግሯን ነው። ሸንኮራ አገዳ የምታመላልስ ፒክአፕ ማለዳ ወደ ፖሊስ ሜዳው ስትገባ፣ ከኋላ በተነጠፈ ፍራሽ ላይ አንዲት ሴት በጀርባዋ ተንጋልላ ነበር። በሽተኛ መሰለችኝ። ለካ የመጣችው ቁመቷን ልትለካ ኖሯል።

በህንዷ ማሃራሽትራ ገጠር ለፖሊስነት የሚወዳደር ሁሉ ሰው ቆሞ ሲውል እንደሚያጥር ያውቃል። ጠዋት የነበረ ቁመት ማታ የለም። ቫይጃንቲም ከዋዜማው ጀምራ አልተነሳችም፤ የማሽላ ቂጣዋን እንኳ ተጋድማ ነው የበላችው። ሴት ፖሊስ መቶ ሃምሳ አምስት ሴንቲ ሜትር መሙላት አለባት። አስራ ሁለተኛ ክፍል በሚበቃበት ስራ እሷ ዲግሪ ይዛለች፤ ስምንት መቶ ሜትሩን እንደ ሚዳቋ ትሮጠዋለች። በሚቀጥለው ወር ግን እድሜዋ ከገደቡ ያልፋል። ከዛሬ ሌላ ቀን የላትም።

እኔ በቀን ሂሳብ የተቀጠርኩ መዝጋቢ ነበርኩ፤ የሚለካው ኮንስታብል ዶንግሬ ነው። ልኬቱን የምትመራው ኢንስፔክተር ስላረፈደች ሴቶቹ ከአንድ ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት ፀሐይ ላይ ተሰልፈው ቆሙ። ቫይጃንቲ ጋደም ልትል ስትል ዶንግሬ፣ «ተነሺ! የእናትሽ ቤት መሰለሽ?» አላት።

ተራዋ ደረሰ። ዶንግሬ የመለኪያውን እንጨት ጭንቅላቷ ላይ ጫነው።

«መቶ ሃምሳ አራት ተኩል። ቀጣይ!»

«ለካ እንጂ ሚስማር አትምታ!»

«ዶሮ አንገቷን ብታሰግግ ግመል አትሆንም፣ እቴ።»

«ስድስት ሰዓት ገትራችሁኝ!»

«ጻፍ» አለኝ ዶንግሬ።

«ጻፍ እንጂ፣ ምን ያስፈጥጥሃል?» አለችኝ እሷም።

ጻፍኩ።

ይግባኝ በዚያው ቀን አንዴ ይፈቀዳል። ማመልከቻዋን ሰጠችና ጠረጴዛችን ፊት ለፊት አፈሩ ላይ ተንጋለለች። ሜዳው በሳቅ አውካካ። «አስከሬኑን አንሱ!» አለ አንዱ። ዶንግሬ በጫማው ጫፍ አቧራ ወደ ፊቷ ገፋ። ዓይኗን እንኳ አልጨፈነችም። ሰው እንዲህ ተኝቶ ሲታገል አይቼ አላውቅም፤ ሣር ማንም ሳያየው እንደሚያድግ፣ አጥንቶቿ ቀስ ብለው ሲላቀቁ የምሰማ መሰለኝ።

አንድ ሰዓት ያህል ከተኛች በኋላ ኢንስፔክተሯ ራሷ ለካቻት። እንጨቱን በቀስታ አሳረፈች፣ አነበበች፣ ደግማ አነበበች።

«መቶ ሃምሳ አራት ነጥብ ዘጠኝ። አልሞላም።»

«ማዳም፣ አንዲት ሚሊ ሜትር እኮ ናት!» አልኩ ሳላስበው።

«አንተን ማን ጠየቀህ?»

ቫይጃንቲ ግን ከእሷ ብሳ ተቆጣችኝ። «ስድስት ሰዓት ስገተር ምላስህ የት ነበር? አሁን ልታዝንልኝ ነው? ሂድና ለእናትህ እዘንላት!»

ፋይሏን ከእጄ መንጭቃ የመሮጫውን መም መሃል ለመሃል እያቋረጠች ሄደች። ዶንግሬ «ከመሙ ውጪ፣ አንቺ!» እያለ ጮኸባት። እርምጃዋን አላፈጠነችም፤ ዞራም አላየችን።