ለዲሹ የታጠፈው ቦይ

ይህን ማስታወሻ የምጽፈው ጓደኛዬ ሰይድ ሲመለስ በአባቱ ማሳ ላይ የተከልነው ዲሽ ምን እንደ ደረሰበት ከወሬ ሳይሆን በዓይኑ ካየ ሰው እንዲሰማ ነው።

ንጋት፣ ወልድያ

ሚኒባሱ ጎሕ ሲቀድ ከመናኸሪያ ወጣ። ከትናንት በስቲያ የሰይድ አባት አያ እድሪስ ደውለውልኝ ነበር። «የጎርፉ ቦይ በዲሹ ጉብታ ላይ ማለፍ አለበት እያሉ ነው። ከሰይድ ጋር የተከልከው አንተ ነህ፤ መጥተህ አንድ ነገር በለኝ።»

ሰይድ ባሕር ተሻግሮ ሥራ ፍለጋ ከሄደ ሁለተኛ ክረምቱ ነው። ድምፁ ከጠፋም ሰንብቷል። ሲሄድ ለአባቱ የተወው ቃል አንድ ነው፤ እስክመለስ ዲሹን እንዳትነኩት።

ረፋድ፣ ጎብዬ

ለሻይ ወረድን። ትኩስ ሳምቡሳ፣ በባልዲ የተደረደረ በለስ፣ ዓይናቸውን ከምዕራቡ ተራራ የማይነቅሉ ገበሬዎች። የጉዞዬን ምክንያት ለሾፌሩ ነገርኩት።

«ስንት ቻናል ያመጣል?»

«ምንም።»

«የኔም ቤት ያለው እንደዚያው ነው። አንተን የሚያህል አስታማሚ ግን አላገኘም።»

ለአንባቢ ማስረዳት ይገባኛል። ብዙ ሰው የጥልቅ ሕዋ ጣቢያ ሲባል ከጨረቃ ማዶ የሚንሳፈፍ የሰው መኖሪያ ይታየዋል፤ ያ ገና ሐሳብ ነው። በእውን ያሉት እዚሁ ምድር ላይ፣ ተራራ በከለላቸው ስፍራዎች የተተከሉ ግዙፍ ዲሾች ናቸው። ሥራቸው ማዳመጥ ነው፤ እጅግ ርቃ የሄደች መንኩራኩር የምትልከውን፣ ሊጠፋ የቀረበ ድምፅ። ይህን ቆቦ ተማሪዎች ሳለን አብረን አነበብን። ሰይድ መጽሐፉን ዘግቶ በመስኮት ሜዳውን ተመለከተና፣ «ተራራው አለን፤ የቀረን ዲሹ ነው» አለ። አንድ አሮጌ ዲሽ ገዝተን በአባቱ ማሳ መካከል አፈር ቆልለን ተከልን። ምንም አልሰማንበትም።

ቀትር፣ ከቆቦ ወደ ዋጃ

ከቆቦ የያዝኩት ባጃጅ ከአስፋልቱ ዳር አወረደኝ። እዚህ አገር ማሽላን የሚያበቅለው ተራራው ላይ የዘነበ ዝናብ ነው፤ ጎርፉን በቦይ ጠልፈው ማሳ ያጠጣሉ። ለቁፋሮ ያልወጣ ውሃ የለውም። አያ እድሪስ አካፋቸውን ተደግፈው ጉብታው ሥር ቆመዋል።

«እንግዲህ ምን ትለኛለህ ልጄ?»

«ነቅለን ሌላ ቦታ ብንተክለውስ?»

«አትንኩት ነው ያለኝ። ደውሎ ዲሹ አለ ወይ ቢለኝ ምን እመልሳለሁ?»

አንድ ቆፋሪ ቀና ሳይል፣ «የጠፋ ሰው ደግሞ ይደውላል?» አለ።

«ልጄ ራቀ እንጂ አልጠፋም» አሉ አያ እድሪስ።

ቁፋሮውን የሚመራው ጎረቤታቸው ሐሰን ሰውየውን ገላመጠው። ከዚያ ጉብታውን ዞሮ አየና፣ «ቦዩን እናጥፈው» አለ።

«ጎርፍ ይታጠፋል እንዴ ሐሰን?» አለ ያው ቆፋሪ።

«ሰይድ ሲመጣ ራሱ ያቃናዋል። አሁን ቆፍር።»

ስሕተት መሆኑን ከመካከላቸው የማያውቅ አልነበረም። እኔም የፊዚክስ መምህር ነኝ። ለአንድ አባት ሲባል ሁላችንም እያወቅን ቆፈርን።

አመሻሽ፣ ማሳው ላይ

በላያችን ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ተራራው ግን ጠቁሯል። ድምፁ ቀድሞ ደረሰ፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሲንከባለል። ጎርፉ እጥፋቱ ላይ ሲደርስ ጥቂት አበጠ፤ ከዚያም ቀጥ ብሎ ሄደ። ጉብታውን ከሥሩ በላው። ዲሹ ፊቱን ወደ ሰማይ እንዳደረገ ትንሽ ተንሳፈፈና ተገለበጠ። ከታች ያለውን ማሽላም ጠራርጎት ወረደ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ሰው አልነካም» አሉ አያ እድሪስ። ሐሰን ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም። እሳቸው ግን ክንዱን ያዝ አደረጉት፤ ቆይተውም ወደ እኔ ዞሩ።

«እኔ አላነሣሁትም። ይህን ጻፍለት።»

የጠፋው፦ አንድ ዲሽ፣ አንድ የብረት ምሰሶ፣ የሐሰን አካፋ፣ የአያ እድሪስ ማሽላ እኩሌታ። ሌላ የጠፋ የለም።