ቅዳሜ የተቀጠረው መርዶ

ወንድሜ የተሳፈረባት የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ከወደቡ እንደወጣች ቀረች። ባሕሩ የመለሰው አንድ የሸርጣን ወጥመድና የጀልባዋ ስም የተጻፈበት የመንሳፈፊያ ጎማ ብቻ ነበር። ፍለጋው ሲቆም ዘመዶች ተመካከሩና እናታችን ቅዳሜ ትረዳ ተባለ። መርዶ የሚነገረው ማልዶ፣ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ነው፤ እዚህ አሜሪካ ደግሞ ከቅዳሜ በፊት ማን ሥራ ኦፍ አለው? ሳን ሆዜ ያሉት አጎቶቼም እኛ ሳንደርስ እንዳይነገራት ብለዋል። መርዶን እንኳ ከሥራ ፈረቃ ጋር የምናስማማ ሰዎች ሆነናል። ተናደድኩ፤ ግን ብቻዬን ልነግራት ወኔው አልነበረኝም።

እናቴ ከአገር ቤት ልትጠይቀን መጥታ ሳን ሊያንድሮ እኔ ቤት ነበረች። የቴሌቪዥኑን ገመድ ነቅዬ ተበላሸ አልኳት።

ሐሙስ ዕለት የጀልባዋን አደጋ የሚያጣራው መርማሪ መጣ። ወንድሜ ከመሳፈሩ በፊት መጨረሻ የደወለው ለእሷ ስለነበር ሳያናግራት እንደማይሆን አስቀድሞ ነግሮኝ ነበር። እናቴ የልጇን ሞት ገና አለማወቋን በስልክ ስነግረው ትንፍሽ እንደማይል ቃል ገባልኝ። አስተርጓሚዋ እኔው ነበርኩ።

«እማዬ፣ የጀልባዎችን ደኅንነት የሚከታተል ሰው ነው። ስለ ጀልባዋ ምን ብሎሽ እንደነበር ይጠይቅሻል» አልኳት።

እሷማ ደስ አላት። ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠች።

«ተቆጣጣሪ መኖሩ ጥሩ ነው። ሞተሩ ጋ ውኃ ይገባል፣ ባለቤቱ ቢነግሩት አይሰማም፣ ልተወው ነው ብሎኝ ነበር። እኔ ግን፣ ተው ልጄ፣ ሥራ እንዲህ በቀላሉ አይጣልም፣ ይህቺን አንዷን ጉዞ ታገስ አልኩት። እሺ አለኝ። መቼም እምቢ ብሎኝ አያውቅም። አደራ፣ ሳይጠግኗት ዳግም እንዳያስወጧቸው በይልኝ።»

መርማሪው እስክሪብቶውን ይዞ ይጠብቀኛል። የውኃውን ነገር ነገርኩት። ታገስ ማለቷን ግን ከአፌ ማውጣት አቃተኝ።

«ሌላስ?» አለኝ።

«ሌላ የለም» አልኩት።

ሲወጣ እጁን በሁለት እጇ ይዛ መረቀችው። ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ አጎቶቼ ከጎረቤቶች ጋር ገቡ። ጥቁር ለብሰው ስታያቸው ገባት። ትልቁ አጎቴ «እህታለም፣ በርቺ» ብሎ ጀመረ። ጀልባዋ መስጠሟን፣ ልጇም አብሮ መቅረቱን ነገራት። ሴቶቹ እንዳትወድቅ ግራና ቀኝ ያዟት። እሪ ትላለች ብለን ስንጠብቅ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች።

«ያ ሰውዬ የጠየቀኝ ለዚህ ነበር?»

«አዎ እማዬ።»

«ታገስ ማለቴን ነገርሽው?»

«አልነገርኩትም።»

«ንገሪው» አለች። «ልጄን ማን እንደላከው ይወቅ።»

የጮኸችው ከዚያ በኋላ ነው።