ለታማችው የተጻፈ የመሰለኝ መጽሐፍ

ማንም ሳይጠይቀኝ ለምን ተናገርኩ?

ከየካ አባዶ ገርጂ ወዳለው መሥሪያ ቤታችን የምንመላለሰው በሰርቪስ ነው። የመዝገብ ቤት ኃላፊነት ቦታ ክፍት ሲሆን ሁለት ሴቶች ተወዳደርን። እኔ ልጆቼ እያስጠኑኝ በማታ ተምሬ ዲግሪ የያዝኩ፤ እሷ በዕድሜ የልጄ እኩያ። እሷ አለፈች። በማግስቱ ኢምፔሪያል ጋ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆመን ሳለ፣ አጠገቤ ለተቀመጠችው የግዢ ክፍል ሠራተኛ፣ «እድገቱ እንዴት እንደመጣ እሷና አለቃው ያውቃሉ» አልኳት። ቀስ ብዬ ነበር ያልኩት። መኪናው ሳይንቀሳቀስ ወሬው የኋላ ወንበር ደረሰ።

ውሸት መሆኑን ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። የሰው ሥራ ሳልፈትሽ አላልፍም፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ፋይሎቿን ፈትሼ ቦታውን የሳተ አንድም ደብዳቤ አላገኘሁም።

ከዚያ በኋላ ወንበር የሚይዝላት ጠፋ። ስትገባ ጨዋታ ይቋረጣል። እሷ ግን እንደ ወትሮዋ ከበሩ ጀምራ «እንደምን አደራችሁ» እያለች ታልፋለች፤ ለሚመልስላትም ለማይመልስላትም ድምጿ አንድ ነው። አንድ ጠዋት አንዱ ቀልደኛ፣ «ምነው ዛሬ አለቃ መኪና አልላከም?» አላት።

«ቢልክማ አንተን ጥዬህ እሄድ ነበር?» ብላው ተቀመጠች። ሳቁ ወደ እሱ ዞረ።

በዚያ ሰሞን ስለ ስቶይኮች፣ ስለ ጥንቶቹ የግሪክና የሮም ፈላስፎች የሚያወሳ ፎቶ ኮፒ መጽሐፍ አነብ ነበር። በእጅህ ያለውንና የሌለውን ለይ፣ የሰው አፍ በእጅህ አይደለም ይላሉ። እኔ በእርሳስ አሰምርበታለሁ፤ መጽሐፉን ገልጣ የማታውቀው ያቺ ልጅ ግን የሚለውን ትኖረዋለች። ለታማ ሰው የተጻፈ ማጽናኛ አድርጌ ነበር የወሰድኩት። የእኔ አፍ ከእሷ እጅ ውጭ ቢሆንም በእኔ እጅ እንደነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው። ቅናቱ ሳልጠራው መጥቶ ይሆናል፤ ተቀመጥ ያልኩት ግን እኔ ነኝ።

ኃላፊዬ ሆና የመጀመሪያውን የሥራ ግምገማዬን ስትሞላ ጥንቃቄዬን አመስግና፣ አዲስ ሠራተኞች ከእኔ እንዲማሩ ጻፈች። አንብቤ መፈረም አቃተኝ። ቢሮዋ ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

«ያን ወሬ ያስጀመርኩት እኔ ነኝ። ቀንቼብሽ ነው።»

ብዕሯን አስቀመጠች።

«እትዬ፣ ወሬው ቤቴ ድረስ መጥቶ ነበር እኮ። ባለቤቴ ሁለት ቀን አላናገረኝም።» ድምጿ ሲሰበር የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ይቅርታ ልጠይቃት ስጀምር በእጇ አስቆመችኝ። «ለእኔማ እርስዎ ነገሩኝ። እኔ ግን ውሸት መሆኑን ድሮም አውቅ ነበር።»

ምን እያለችኝ እንደሆነ ገባኝ።

ከሥራ ስንወጣ ሰርቪሱ ሞልቶ ሊነሳ ሲል ሾፌሩን «አንዴ ጠብቀኝ» አልኩና ፊቴን ወደ ሰዉ አዙሬ ቆምኩ። እሷ በመስኮት ወደ ውጭ ታያለች።

«ስለ እሷና ስለ አለቃው የተወራው ውሸት ነው። የፈጠርኩት እኔ ነኝ።»

«አልተሰማም!» አለ አንዱ ከኋላ። «ጮክ ይበሉ እንጂ!»

ጮክ ብዬ ደገምኩት።