እውነተኛ ነው ያልኩት ዲናር

ወደ ውጭ ምንዛሪ መስኮት የተዛወርኩት ሰኞ ቀን ነው። የባንክ ቅርንጫፋችን ከኦሎምፒያ ወደ ቦሌ መድኃኔዓለም በሚወስደው መንገድ ላይ ነበር። ለክብሩ ብዬ አዲስ ጫማ አድርጌ ገባሁ፤ ገና ቀትር ሳይሆን ተረከዜ ተላጠ።

የክፍሉ ሱፐርቫይዘር አቶ ሰይፉ ይባሉ ነበር። ቀጭን ሰው ናቸው፤ ማጉያ መነጽር ከሸሚዛቸው ኪስ አይለይም። «እጅሽን አሳዪኝ» አሉኝ። ዘረጋሁ። «ቅባት ተቀብተሻል። ታጥበሽ ነይ። በቅባት እጅ ኖት አይታወቅም።» እንደ ተማሪ ቤት ልጅ ሄጄ ታጠብኩ። በውስጤ ግን፣ ምን ያሉት ጉረኛ ነው እያልኩ ነበር።

ጉረኛ አልነበሩም። ኖት መመርመርን በሥርዓቱ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። መጀመሪያ በጣት ይዳሰሳል፤ ዶላሩ ላይ የተሳለው ሰውዬ ኮሌታ ሻከር ማለት አለበት። ቀጥሎ ዘንበል ይደረግና የቁጥሩ ቀለም መለወጡ ይታያል። ከዚያ ወደ ብርሃን ተይዞ ክሩና የውሃ ምልክቱ ይፈለጋል። ሰማያዊው መብራት የመጨረሻ ነው። «በመብራት የሚጀምር ሰነፍ ነው» ይሉ ነበር።

አንድ ትእዛዝም ጨመሩልኝ። «ይጨምራል፣ ይቀንሳል ብለሽ ለደንበኛ እንዳታወሪ። እዚህ መስኮት ላይ ቁጭ ብለሽ የምትሰጪው ምክር የባንኩ ምክር ነው የሚሆነው። የተጠየቅሽውን መልሺ፤ አበቃ።» ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ዓመታት ሙሉ በዚህ ቃል ኮራሁ። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? እኔም ለባንክ ሠራተኛ ከዚህ የተሻለ ተረት የለም እል ነበር።

የእኛ መስኮት ደንበኛ ሁሉ ሊመነዝር አይመጣም። ተስፋውን ሊያይ የሚመጣም አለ። አንድ ጡረተኛ መሐንዲስ ጠዋት ጠዋት የተመን ሰሌዳው ፊት ይቆሙና «ገና ነው» ብለው ይወጣሉ። ዶላራቸው ቤት ተቀምጧል፤ ይጨምራል ብለው ነው። ኋላ ላይ ይዘውት ሲመጡ ግማሹን አይጥ በልቶታል። አይጧ ተመን አልጠበቀችም ብለን ሳቅን። ሰውዬው አልሳቁም።

በዚያ ሰሞን ነው የኢራቅ ዲናር ወሬ የገባው። ዲናሩ አንድ ቀን ወደ ድሮ ዋጋው ይመለሳል፣ ያን ቀን የያዘ ሁሉ ባለሀብት ይሆናል ይባላል። ማን እንደጀመረው አላውቅም። ኖቱ ከሰው ወደ ሰው፣ ከቤት ወደ ቤት ይሸጥ ጀመር። በባንክ በኩል ግን አንድም አልገባም፤ ሰሌዳችን ላይ ዲናር የሚባል የለማ!

እትዬ አስካለ ቦሌ ሚካኤል የልብስ ስፌት ቤት ነበራቸው። ሁለት መኪና፣ አንድ የመተኮሻ ጠረጴዛ፣ ጠባብ በር። የቅርንጫፋችንን ሴቶች ዩኒፎርም የሚያጠብቡልንና የሚያሳጥሩልን እሳቸው ናቸው። ልጅ የላቸውም፤ ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል። ሃያ ምናምን ዓመት በኪራይ ቤት ኖረዋል። ለኮንዶሚኒየም ተመዝግበው በየወሩ ይቆጥቡ ነበር። ሲናደዱም ሲደሰቱም የሚያወሩት ስለዚሁ ቤት ነው፤ «በሬን ከውስጥ ቆልፌ ባለቤቱ ማነው ሳልባል ልሙት» ይሉ ነበር።

አንድ ቀን ወረፋው እስከ በሩ ደርሶ ሳለ መጡ። በመሐረብ የተጠቀለለ አንድ ኖት በመስኮቱ ቀዳዳ አሾለኩልኝ። ባለ ሃያ አምስት ሺህ ዲናር ነው።

«ገነትዬ፣ ይቺን እይልኝ እስቲ። እውነተኛ ናት?»

ዳሰስኩት። ወደ ብርሃን ያዝኩት፤ የፈረስ ራስ የውሃ ምልክቱ አለ፣ ክሩም አለ። በመጨረሻ በሰማያዊው መብራት አየሁት። ቀለሙ እንዳለ ነው። ያለ ስስት ያየሁት ኖት ነበር።

«እውነተኛ ናት፣ እትዬ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

«ተባረኪ! እግዜር ያክብርልኝ!» ብለው መርቀውኝ ወጡ።

እኛ ይህን አንገዛም የሚለው ነገር ምላሴ ጫፍ ላይ መጥቶ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ መጥቶ ነበር። ግን አልጠየቁኝም። ከኋላቸው ያለው ሰውዬም ፓስፖርቱን መስታወቱ ላይ ያንኳኳል። ቀጣይ አልኩ።

ከወራት በኋላ እትዬ አስካለ ራሳቸው የሰፉትን የጨርቅ ቦርሳ አንግተው፣ ነጠላቸው ተንሸራቶ፣ እየሳቁ መጡ።

«ገነት! ዕጣ ወጣልኝ! ባለ አንድ መኝታ፣ አራብሳ!»

እልል ልል አፌን ስከፍት ቦርሳውን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት። ዲናር ነው። ሁሉም ያው ቀይ ባለ ሃያ አምስት ሺህ፣ በላስቲክ እየታሰረ።

«የቤቱ ዋጋ ጨምሯል አሉኝ፤ የቆጠብኩት ለቅድመ ክፍያው አይበቃም። እኔ ግን አልደነገጥኩም። ይኸው፣ መንዝሪልኝ።»

«እትዬ አስካለ፣ ይሄ ሁሉ ከየት መጣ?»

«ኢራቅ ሠርታ ከመጣች የጎረቤት ልጅ ነዋ። አንቺ እውነተኛ ናት ስትይኝ ሄጄ ከቤቱ ቁጠባ ውጭ ባለኝ ሁሉ ገዛሁ። አንደኛዋን መኪናዬን ሳይቀር ሸጥኩ። ያኔ አንቺ ባታዪልኝ አንዲትም አልገዛም ነበር።»

ጉዴ ፈላ።

«እኛ ዲናር አንገዛም፣ እትዬ።»

«ሐሰተኛ ሆነ?»

«አይ፣ እውነተኛ ነው።»

«እና?»

«እውነተኛ ነው፤ ግን እዚህ አይመነዘርም።»

ሳቃቸው ገና ከፊታቸው አልጠፋም ነበር።

«ልጄ፣ እውነተኛ ገንዘብ የማይመነዘርበት ቦታ እንዳለ እኔ በምን አውቃለሁ? ያን ቀን ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቁኝም» አልኩ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ይህን ቃል ከምናገር ምላሴን ብነክሰው ይሻለኝ ነበር። እትዬ አስካለ የኖቱን እስር አንድ በአንድ ወደ ቦርሳው መመለስ ጀመሩ። ልረዳቸው እጄን ስሰድ ቀስ ብለው ገፉት።

አቶ ሰይፉ መጡ። ወንበር ሰጧቸው፣ ውሃ አስመጡላቸው፣ ባንኩ ሊገዛ የማይችልበትን ምክንያት በትሕትና አስረዷቸው። እትዬ አስካለ ከሄዱ በኋላ ወደ ጓዳ ጠሩኝ።

«ምን ብለሽ ነው ያየሽላቸው?»

«በቅንነት ነው፣ ጋሼ። ደግሞ የተጠየቅሽውን ብቻ መልሺ ያሉኝ እርስዎ ነዎት።»

«ተመን አታውሪ ነው ያልኩሽ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የማንገዛውን አንገዛም አትበይ ብዬሻለሁ? ወረፋ በዝቶብሽ የዘለልሽውን በእኔ አታሳብቢ።»

አለቀስኩ። ልክ ስለነበሩ ነው ያለቀስኩት።

እትዬ አስካለ የቤቱን ውል ለመፈረም ዘጠኝ ቀን ቀርቷቸው ነበር። ፈቃድ ወስጄ ከእሳቸው ጋር መዞር ጀመርኩ። በቦሌ መንገድ ግራና ቀኝ ያሉትን ባንኮች አዳረስናቸው። አንዷ ቴለር ኖቱን ከፍ አድርጋ «ታምራለች» አለችና መለሰችው። የኤርፖርቱን መስኮት ጠየቅን፤ የትልቁን ሆቴል መስኮት ጠየቅን። ሁሉም ሰሌዳውን ነው የሚያሳየን። ሰሌዳውን እኔ አላውቀው ይመስል!

የባንክ ሠራተኛ ሆኜ መቆም የሌለብኝ ቦታም ቆምኩ። ከመድኃኔዓለም ወረድ ብሎ «ዶላር አለ?» የሚሉት ልጆች ዘንድ ማለቴ ነው። አንዱ ቦርሳውን ገልጦ አየና ራሱን ነቀነቀ። «እናቴ፣ ልዋሽሽ አልፈልግም። ዶላር አምጪ፣ ድርሃም አምጪ፣ ሪያል አምጪ፣ እወስዳለሁ። ይሄን የሚሸጥልሽ ሞልቷል፤ የሚገዛሽ ግን የለም።» እኔ መስኮት ላይ ቁጭ ብዬ ያልተናገርኩትን እሱ መንገድ ላይ ቆሞ ተናገረው። አፈርኩ።

መጨረሻ ላይ ሰናይት የምትባል፣ ዱባይ እየተመላለሰች ልብስ የምታመጣ ነጋዴ ዘንድ ሄድን። ደግ ሴት ናት። እዚያው ቁጭ ብለን ዱባይ ላለ መንዛሪ ደወለችልን። ይገዛሉ። ግን የነገሯት ዋጋ እትዬ አስካለ ከከፈሉት ስምንት እጅ አንዱን አይሞላም። ቀጣዩ ጉዞዋም ከውሉ ቀን በኋላ ነው። «ደግሞስ፣ ይሄን ሁሉ ገንዘብ በሻንጣ ይዤ ብያዝ ምን እላለሁ? ይቅር በሉኝ» አለች። ምን ይፈረድባታል?

ከሠራተኞች ቁጠባና ብድር ማኅበራችን ልበደርላቸው ጠየቅኩ። የተፈቀደልኝ የጎደለውን ግማሽ እንኳ አይሸፍንም። ለእትዬ አስካለ ስነግራቸው «ተይው። ልጆች አሉሽ» አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር።

ዘጠኙ ቀን አለፈ። ቤቱ ለሌላ ሰው ተላለፈ። የሸጠችላቸው ልጅ ሰፈር ለቃ ሄዳለች፤ ለራሷም ሁለት እስር ዲናር አስቀርታ ነበር ይላሉ፣ ስለዚህ እሷም ያመነች ይመስለኛል። አቶ ሰይፉ በዓመቱ ጡረታ ወጡ፤ ቦታቸው ለእኔ ተሰጠ። እድገቱ ደስ አላለኝም ብል ውሸት ነው፤ ግን ደስታዬ ሙሉ አልነበረም።

እትዬ አስካለ ዘንድ ለመሄድ ድፍረት ያገኘሁት ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። የቀሚሴን ጠርዝ ላሳጥር ብዬ ሰበብ ፈጠርኩ። በቀረችው አንድ መኪና እየሰፉ አገኘኋቸው። ፊታቸው ጠቁሯል፤ መነጽር ጀምረዋል። ለክተውልኝ፣ በጠመኔ ምልክት አድርገው ሲያበቁ፣ እንደ ዋዛ ጠየቁኝ።

«ዲናሩ ዛሬ ስንት ገባ?»

አልሸጡትም ነበር። «ያለኝን ሸጬ የገዛሁትን በስምንት እጅ አንድ አልሰጥም። አንድ ቀን ይጨምራል ይላሉ» አሉኝ። ጡረተኛው መሐንዲስ «ገና ነው» የሚሉበት ዓይነት ድምፅ ነው። የተጠየቅኩት ስንት ገባ የሚል ነው። ስንት እንደገባ ተናግሬ ቀሚሴን ይዤ መውጣት እችል ነበር።

«እትዬ አስካለ፣ አልጠየቁኝም፤ ግን ልንገርዎት። ይጨምራል የሚባለው ወሬ ነው። ይህን ሥራ ስሠራ ኖሬያለሁ፣ እንዲህ ሆኖ የከበረ ሰው አላየሁም። እዚህ አገር የሚገዛዎት የለም። ውጭ የሚወስድልዎ ሕጋዊ ሰው ካገኙ፣ ያችኑ የስምንት እጅ አንድ ይቀበሉ። ቤቱን አይመልስም። ከዚህ በላይ አይጠብቁ።»

እግራቸው ፔዳሉ ላይ ቀጥ አለ። መነጽራቸውን አውልቀው በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉት።

«ይኸው ነው?» አሉኝ። «ያን ቀን ይህን ለመናገር ይህችኑ ደቂቃ ብቻ ነበር የሚፈጀው?»

አዎ አልኳቸው። እሳቸውም ቀሚሴን መስፋት ጀመሩ። ሒሳቡን አስተካክለው ተቀበሉኝ፤ አንድ ሳንቲም አልቀነሱም፣ አልጨመሩም።

ዛሬ ጡረታ ላይ ነኝ። በየመስኮቱ ላላችሁ ልጆች የምለው አጭር ነው። ሰው ሰሌዳችሁ ላይ የሌለ ገንዘብ ይዞ እውነተኛ ነው ወይ ካላችሁ፣ ኖቱን ከመዳሰሳችሁ በፊት እዚህ የሚገዛው እንደሌለ ንገሩት። ከዚያ በኋላ ቢገዛ የራሱ ጉዳይ ነው። ሳትነግሩት ቢገዛ ግን የእናንተ ነው።