አይጥ ቀላቢነቴና የሳንባው ደቦ

በ2007 ዓ.ም. ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ጎንደር ውስጥ አንድ የምርምር ቤት ተቀጠርሁ። የመጀመሪያ ቀን ኃላፊው ካፖርትና ቁልፍ ሰጠኝና፣ "ሥራህ አይጥ መቀለብ ነው" አለኝ። ዳባት ሳለሁ ዕድሜዬን ሙሉ ከጎተራዬ ያባረርኋትን አይጥ! "እሺ ጌታዬ፣ ወጥም ይጨመርላት?" አልሁት። አልሳቀም። ሹም አይስቅም።

ሥራው እንዲህ ነው። ጠዋት የቆሸሸውን ሰጋቱራ ከሳጥኑ ጠርጎ አዲስ መነስነስ፣ የውሃ ጠርሙስ ማጠብ፣ ምግብ መመዘን፣ የታመመችውን ከደኅናዋ መለየት። ከእኔ በላይ ቴክኒሻኑ፣ ከሱ በላይ ዶክተሯ፤ ከእኔ በታች አይጦቹ ብቻ። እነሱም ቢሆኑ ከእኔ ይልቅ በሰዓቱ ይበሉ ነበር።

ዶክተር ሰናይት አይጧን አደንዝዛ የሳንባ ምች የሚያመጣውን ባክቴሪያ አፍንጫዋ ላይ ጠብ ታደርግና የሚሆነውን ትከታተላለች።

"ምነው፣ ምን በደለችሽ?" አልኋት።

"አያ ደምሴ፣ የሳንባችን ህዋሶች ከተወለድን ጀምሮ ተቀባይ የሚባል መዳሰሻ አላቸው። ባክቴሪያውን ከዚያ በፊት ባያውቁትም ሽፋኑን ሲነኩ ባዕድ መሆኑን ይለያሉ። ወዲያው ነጭ የደም ህዋሶችን ይጠራሉ።"

"ሳይተዋወቁ? የኛ ግቢ ዘበኛ በየቀኑ እያየኝ መታወቂያ ይለኛል!"

ሳቀች። "ጥሪው ከበዛ ግን የመጡት ራሳቸው ሳንባውን ይጎዱታል። መግልና ውሃ ይሞላና አየር መግቢያ ያጣል።"

ራሴን ነቅንቄ መጥረጌን ቀጠልሁ። ስላወቀ የተሾመ ጠራጊ አላየሁም።

በሁለተኛው ዓመት ክረምት ታናሽ ወንድሜ ታከለ ከደጋ ታሞ እኔ ቤት መጣ። ትኩሳት፣ የጎን ውጋት፣ ዝገት የመሰለ አክታ። ጤና ጣቢያ የሰጡትን መድኃኒት ጀምሮ ትቶታል። ምነው ስለው፣ "ጠበል ገብቻለሁ" አለ። በኛ አገር ጠበል የጀመረ ሰው መድኃኒት አይቀላቅልም። ሱባኤው እስኪያልቅ ሊጠብቅ ነው፤ ባክቴሪያውም አብሮት ሱባኤ የያዘ መስሎታል።

ሆስፒታል እንሂድ ስለው አሻፈረኝ አለ። ከንፈሩ ጠቁሯል። አንድ ቃል ተናግሮ ሁለቴ ይተነፍሳል። እንደዚያ ሆና ያደረች አይጥ አላውቅም። ሮጬ ዶክተሯን ለምኜ አመጣኋት።

ታከለ ገና ሲያያት፣ "አያ፣ የአይጥ ሐኪም አመጣህብኝ?" አለ።

"አይጦቹ እንዳንተ አይከራከሩም" አልሁት።

ደረቱን አዳመጠችና ለእኔ የነገረችኝን ነገረችው። ታከለ በክርኑ ተደግፎ ቀና አለ።

"እኮ ለአንዲት ማሳ ደቦ ቢጠሩ አገሩ ሁሉ መጣና ሰብሉን ረግጦ ጨረሰው በይኛ።"

"እንደሱ ነው።"

"ታዲያ ማን ይመልሳቸው?"

"ያስጠራቸውን ባክቴሪያ መድኃኒቱ ይገድለዋል። ከሞተም በኋላ ስብርባሪው ስለሚቀር ጥሪው ቶሎ አይቆምም። እስኪበርድ በኦክስጅን እናግዝሃለን።"

"ጠበሉስ?"

"ጠበልህን ጠጣ፤ ማን ከለከለህ? መርፌው ግን ዛሬ ነው።"

ታከለ ወደ እኔ ዞረ። "የንስሐ አባቴ ቢቆጡ አንተ ትመልሳለህ።"

"እመልሳለሁ። አንተን ቀብሬ ለልጆችህ ከምመልስ ይሻለኛል።"

ባጃጅ ጠርተን ወሰድነው። መርፌውን ተወጋ፣ የኦክስጅን ጭምብል አጠለቁለት። ወደ ማታ ከጭምብሉ ሥር ነርሷን መሳደብ ጀመረ። ዳነ ማለት አይደለም፤ ግን ሸጋ ምልክት ነው።

ከዚህ ሥራ የያዝሁት ይህን ነው። ሰውነት ጠላቱን ማንም ሳይነግረው ያውቃል፤ ልኩን ግን ሁልጊዜ አያውቅም። ትንፋሽ ያጠረው ሰው ሐኪም ቤት ይሂድ።

በማግስቱ ጠዋት የአይጦቹን ሰጋቱራ ቀየርሁ፣ ውሃቸውን ሞላሁ፣ ለታከለ አጥሚት ይዤ ሄድሁ። ቀጠነ ብሎ ተቆጣኝ። እስኪጨርስ አጠገቡ ተቀመጥሁ።