ፈሳሽ ነው ወይስ ጠጣር?

የወጣሁበት ዕለት ማለዳ እማዬ ሻንጣዬ ላይ ቁጭ ብላ እስኪዘጋ አልነሳም አለች። ሽሮና በርበሬው ሹራቦቼን አስወጥተው ቦታቸውን ይዘዋል። ጀርመን እኮ ብርድ ነው ብላት፣ «ሽሮ ያሞቃል» አለችኝ።

የመውጫ ቪዛውን ነገር ግን ልንገራችሁ። አሁን ያስቀኛል እንጂ ያኔ የሚያስቅ አልነበረም። የፒያሳ ልጅ ነኝ፣ አፍ አላጣም፤ ከጠረጴዛው ማዶ ያሉት ጓድ ቀና ብለው አዩኝ።

«ምሥራቅ ጀርመን ምን ልትማሪ ነው?»

«ሊኩዊድ ክሪስታል፣ ጓድ። በኤሌክትሪክ የሚስተካከሉ ጥቃቅን ሌንሶች ይሠሩበታል።»

«ፈሳሽ ነው ወይስ ጠጣር?»

«ሁለቱም ነው። እንደ ፈሳሽ ይፈሳል፣ እንደ ጠጣር ይደረደራል።»

ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ወላዋይ ነው በይኛ።»

በዚያ ዘመን ይህ ቃል ሰው ያሳስር ነበር። «ኤሌክትሪክ እስኪያገኘው ድረስ ነው፣ ጓድ» አልኩ። «ካገኘው በኋላ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ይሰለፋሉ።»

«ሁሉም?»

«አንድም የሚያፈነግጥ የለም።»

«ለእኛም የሚያስፈልገን እንዲህ ያለው ነው» ብለው ማኅተሙን መቱልኝ።

ጀርመን ደርሼ የመጀመሪያዋን ሽሮ ስሠራ አከራዬ ፍራው ሂልዳ በሩን አንኳኩ። «ምን እየተቃጠለ ነው?» «ራቴ ነው» አልኳቸው። በረዶው እየወረደ መስኮቱን ሁሉ ከፋፈቱት። የእኛ ሐምሌ ለካ ብርድ አይባልም!

በቤተ ሙከራው ደግሞ ሁለት ስስ መስታወት አጋጥሜ፣ መሀሉ ያንን ፈሳሽ ሞልቼ፣ ሽቦ እቀጥልበታለሁ። ዓመት ሙሉ ያሳየኝ ጉም ብቻ ነው። አንድ ማክሰኞ ግን ኤሌክትሪኩን ቀስ እያልኩ ስጨምር፣ በማይክሮስኮፑ ሥር የደበዘዘችው ፊደል ጥርት አለች፤ መስታወቱ ከቦታው ንቅንቅ ሳይል! አመስግነው የማያውቁት ፕሮፌሰሬ «ጉት» አሉ፤ «ጥሩ ነው» ማለታቸው ነው። ወዲያው ለተጨማሪ አራት ዓመት እዚያው የሚያስቀረኝ ወረቀት አቀረቡልኝ። በደስታ ፈረምኩ።

ቅዳሜ፣ በደብዳቤ በተቀጣጠርነው ሰዓት፣ እቤት ስልክ ስለሌለን ምኒልክ አደባባይ አጠገብ ያለው የጎረቤታችን ኬክ ቤት ደወልኩ። አባባ አነሱት።

«ሌንሱ ሠራ?»

«ሠራ፣ አባባ።»

«ምን ያህላል?»

«ከጤፍ ቅንጣት ያንሳል።»

ለኬክ ቤቱ ሰው ሲያወሩትና ሁሉም ሲስቅ ሰማሁ። «በይ ኪስሽ ቀዳዳ እንዳይኖረው» አሉኝ።

እማዬ ስልኩን ተቀበለቻቸው። «መቼ ነው የምትመጪው?»

«ሁለት ዓመት ቢቀረኝ ነው» አልኩ። ለምን እንዳልኩ አላውቅም።

«ሁለት ዓመትማ ምን አላት!» አለች፣ ድምጿ በአንዴ ወጣት ሆኖ። እውነቱን ልነግራት አፌን ስከፍት፣ እሷ ኬክ ቤቱ ውስጥ ላለው ሰው ሁሉ በየተራ መንገር ጀምራለች።