ተሳቢው በር ላይ የቀረበት ቀን

ቃሊቲ ላይ የቀላል ባቡሩ ሐዲድ ሲሠራ፣ እኛም አቧራውን ስንቅም፣ አንድ የብረት መጋዘን ውስጥ በሙከራ ተቀጠርኩ። ሙከራዬ ሳያልቅ እናቴ «ልጄ ቋሚ ሆነ» ብላ ለሰፈሩ አወጀች። ብባረር ሰፈር መቀየር ሊኖርብን ነው።

ሥራዬ ለከባድ መኪኖች የመውጫ ወረቀት የሚያትም ፕሮግራም መጻፍ ነበር። ሪፍሌክሽን የሚሉትን ነገር፣ ፕሮግራም ራሱን መመርመሩን ማለቴ ነው፣ አዲስ ተምሬ ስለነበር ካልተጠቀምኩበት ሞቼ እገኛለሁ አልኩ። ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ ወረቀት «ምን ምን መስመር አለኝ?» ብሎ ራሱን ይጠይቅና በሉፕ፣ ማለትም ያንኑ ሥራ እየደጋገመ፣ አንድ በአንድ ያትማል። የመጋዘኑ ጸሐፊ በሥራ መሃል ወረቀቱ ላይ አዲስ መስመር ብትጨምር እንኳ ያገኘዋል። ምን ዋጋ አለው! ኮምፒውተሩ አሮጌ ነው፤ ራሱን ጠይቆ እስኪመልስ ሹፌሮቹ ጥሩምባ ይነፋሉ፣ የሌለችኝን እህት ሳይቀር ይሰድባሉ።

ሥራ አስኪያጇ ጠሩኝና «እስከ ሰኞ ካልፈጠነ በሰላም እንለያያለን» አሉኝ።

ጥያቄው በየወረቀቱ መሆኑ ቀርቶ፣ ገና ፕሮግራሙ ኮምፓይል ሲደረግ፣ ማለትም ሥራ ሳይጀምር ወደ ማሽን ቋንቋ ሲተረጎም፣ አንዴ ብቻ እንዲጠየቅ አደረግኩ። መልሱ ያኔውኑ ተጽፎ ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ ማተም ብቻ ነው። ሰኞ ጠዋት ወረቀቱ እንደ ጉድ ይወጣ ጀመር። ደረቴን ነፍቼ ማኪያቶ አዘዝኩ።

ማኪያቶው ሳይቀዘቅዝ በሩ ላይ ጩኸት ተነሣ። ለካ ጸሐፊዋ ያን ጠዋት «ተሳቢ» የሚል መስመር ጨምራለች። የእኔ ጉደኛ ሉፕ ግን ቀድሞ ከተነገረው ውጪ የሚያውቀው የለም። ወረቀቱ ላይ መኪናው አለ፣ ተሳቢው የለም። የበሩ ጥበቃ ደግሞ ወረቀት ላይ ያልሰፈረ ነገር መልአክ ቢለምናቸው አያሳልፉም።

«መኪናው ይውጣ፣ ተሳቢው ይቅር» አሉ።

«ኧረ ጋሼ፣ ከኋላ የተቀጠለውን አያዩትም?» አልኳቸው ሮጬ ደርሼ።

«እኔማ አየዋለሁ። ወረቀትህ ነው ያላየው።»

ሹፌሩ ደሙ ፈላ። ወርዶ ተሳቢውን በሩ መሃል ፈታና «እንካችሁ፣ ብሉት!» ብሎ በመኪናው ሄደ። መግባትም መውጣትም ቀረ።

ሥራ አስኪያጇ መጥተው ተሳቢውን አዩ፣ ከዚያ እኔን። 

«ይስተካከላል?»

«አዎ። ፕሮግራሙ ዋና ዋናውን ቀድሞ ይወቅ፣ ጸሐፊዋ የምትጨምረውን ብቻ በየጊዜው ይጠይቅ።»

«ይህን ጉድ ካንተ ሌላ የሚያውቀው ሰው አለ?»

«የለም።»

ትንፋሻቸውን ሳብ አደረጉ። «እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ ቋሚ ሆነሃል።»

በደስታ ልበር ደረስኩ። ስድብ መሆኑ የገባኝ ቤት ገብቼ ቃል በቃል ለእናቴ ስነግራት ነው።